አዲሱ ሲስተም ገብቷል፣ አሮጌው አሠራር ግን አልወጣም

ጥያቄ፦ 400 ገደማ ሠራተኞች ባሉት አምራችና አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የዲጂታል ሽግግር ኃላፊ ሆኜ ተሹሜያለሁ። ከእኔ በፊት ግዥን፣ መጋዘንን፣ ሽያጭንና ሒሳብን የሚያገናኝ ኢአርፒ የሚባል ትልቅ የሶፍትዌር ሲስተም ተገዝቶ ሥራ ከጀመረ 18 ወር ሆኖታል። ሠራተኞቹ ግን አሁንም በየግላቸው ኤክሴል ይይዛሉ፤ ሲስተሙ ላይ የሚያስገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ስድስት ሰዎች ያሉት የኢኖቬሽን ቡድንም ለብቻው አለን። ለሻጮች የትዕዛዝ መቀበያ፣ ለሹፌሮች የማድረሻ መከታተያ፣ ለደንበኞች የቅሬታ ማቅረቢያ መተግበሪያ ሠርቶ ሞክሯል። ሦስቱም ተጨብጭቦላቸው አንዱም ሥራ ላይ አልዋለም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በ12 ወር ውስጥ ውጤት ይፈልጋሉ፤ ቦርዱ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንድንጨምር ይጠይቃል። የሲስተሙ ውልም ሊታደስ ነው። ከየት ልጀምር?

ምላሽ፦

ድርጅትዎ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ እየከፈለ ነው፤ አንዴ ሥራው በእርግጥ ለሚሠራበት ኤክሴል፣ አንዴ ደግሞ ሪፖርት ለሚወጣበት ሲስተም። በዚህ ላይ ሌላ መሣሪያ ቢጨምሩ ሠራተኛው ሦስተኛ ቦታ ይሞላል እንጂ ምንም አይቀልለትም። ስለዚህ መልሴ ከማስቆም ይጀምራል። በ18 ወር ውስጥ የገባውን ዘርዝረውልኛል፤ የወጣውን ግን አንድም አልጠቀሱም። የትኛው ቅጽ ተቋረጠ? የትኛው ፊርማ ቀረ? የትኛው ሳምንታዊ ሪፖርት መዘጋጀቱ ቆመ? መልሱ "አንዱም" ከሆነ እስካሁን የተደረገው ሥራ መጨመር ነው። አዲስ ነገር ማስገባት በጀት ላለው ሁሉ ይቻላል። አሮጌውን ለመዝጋት ግን ሥልጣን ያስፈልጋል፤ ይህን ሥራ ለአይቲ ክፍል ወይም ለአማካሪ ሰጥቶ መቀመጥ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ነገሩ ከኮምፒውተር በፊትም የታየ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ኤዲሰን ኒውዮርክ ውስጥ የፐርል ስትሪትን የኃይል ማመንጫ ሥራ ያስጀመረው በ1882 ነው። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ግን ከኤሌክትሪክ ትልቁን የምርታማነት ዕድገት ያገኙት በ1920ዎቹ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ምን ሲያደርጉ ቆዩ? ባለፋብሪካዎቹ የእንፋሎት ሞተሩን አውጥተው በቦታው አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር ተከሉ። ከጣሪያ ሥር የሚሽከረከረውን ረጅም የብረት ዘንግና ከእሱ ወደየማሽኑ የሚወርደውን ቀበቶ ግን እንዳለ ተዉት። ማሽን የሚተከለው ለዘንጉ በሚቀርብበት ቦታ ነበር፤ የሥራው ቅደም ተከተል ከዚያ በኋላ ነው የሚታሰበው። ለውጡ የመጣው እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ትንሽ ሞተር ኖሮት፣ ዘንጉ ተነቅሎ፣ ፋብሪካው እንደ ሥራው ፍሰት በአንድ ወለል ላይ እንደገና ሲደረደር ነው። ኢኮኖሚስቱ ሮበርት ሶሎው በ1987 የኮምፒውተር ዘመን በየቦታው ሲታይ በምርታማነት አኃዝ ላይ ብቻ አለመታየቱን ጽፎ ነበር። ሌላው ኢኮኖሚስት ፖል ዴቪድ በ1990 የዘንጉን ታሪክ ያነሳው ለዚህ እንቆቅልሽ መልስ ሲፈልግ ነው።

እናንተ ዘንድ ዘንጉ የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ የማጽደቅ ሰንሰለቱ ነው። የግዥ ጥያቄ በወረቀት ዘመን አምስት ፊርማ ይፈልግ ከነበረና ዛሬም አምስት ሰው በስክሪን ላይ "አጽድቅ" የሚለውን መጫን ካለበት፣ የተቀየረው ሞተሩ ብቻ ነው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ አንድ ትዕዛዝ እከተላለሁ። በቅርቡ የተጠናቀቀ፣ ተራ የሚባል አንድ የደንበኛ ትዕዛዝ ይምረጡ፤ የትልቁን ደንበኛ ወይም ችግር የገጠመውን አይውሰዱ። ደንበኛው ከጠየቀበት ደቂቃ አንስቶ ገንዘቡ እስከገባበት ድረስ ያለፈበትን እጅ ሁሉ በአካል እየሄዱ ያነጋግሩ። ለየእርምጃው ሁለት ቁጥር ብቻ ይጻፉ፦ ሰው የሠራበትን ጊዜና ጉዳዩ ተኝቶ የጠበቀበትን ጊዜ። ዘጠኝ ቀን በፈጀ ትዕዛዝ ውስጥ የተሠራበት ጊዜ ሲደመር ጥቂት ሰዓት ቢሆን አይደንግጡ፤ የተለመደ ነው። ሶፍትዌር በአብዛኛው የሚያፋጥነው የተሠራበትን ጊዜ ነው። ጥበቃውን ለማሳጠር ግን የሆነ ሰው የሆነ ነገር መወሰን አለበት።

የሲንጋፖሩ ዲቢኤስ ባንክ፣ ፒዩሽ ጉፕታ በ2009 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከሆኑ በኋላ ለውጡን የለካው በዚህ ዓይነት መለኪያ ነበር። "የደንበኛ ሰዓት" ብለው ደንበኛ በከንቱ የጠበቀውን ሰዓት ቆጠሩ፤ የየሥራው ቡድኖችም ከየሂደቱ ሰዓት እንዲቀንሱ ተደረገ። ባንኩ በዲጂታል አገልግሎቱ ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። የዚህ መለኪያ ጥሩነት የማንም ክፍል የግል ንብረት አለመሆኑ ነው። ሰዓት መጋዘንም ይባክናል፣ ሒሳብ ክፍልም፣ ሽያጭም፤ "የአይቲ ጉዳይ ነው" ብሎ ዘወር ማለት አይቻልም።

በዚህ ጉዞ የግል ኤክሴሎቹን አንድ በአንድ ያገኟቸዋል። ሰርዟቸው ብለው አይዘዙ፤ ገና ነው። እያንዳንዱ ኤክሴል ሲስተሙ ሲሠራ ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው፤ ከአማካሪ ሪፖርት የበለጠ ይነግርዎታል። ከባለቤቱ አጠገብ ቁጭ ብለው "ይህን ዓምድ ምን ገጥሞዎት ጨመሩት?" ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ ያዳምጡ።

አንዳንዱ ኤክሴል የተወለደው ሲስተሙ እውነቱን የሚጽፉበት ቦታ ስለሌለው ነው። ዕቃው አለ፣ ካርቶኑ ግን ተጎድቷል፤ ይሸጣል፣ ግን ለሁሉም ደንበኛ አይሸጥም። ሲስተሙ የሚያውቀው "አለ" እና "የለም" ብቻ ከሆነ የመጋዘን ሠራተኛው እውነቱን ሌላ ቦታ ይጽፋል። አንድ ተጨማሪ የዕቃ ሁኔታ በመክፈት የሚፈታ ርካሽ ችግር ነው፤ 18 ወር የቆየው የሚጠይቅ ሰው ስለጠፋ ነው።

ሌላው ደግሞ ዳታው ስለማይታመን የሚያዝ ነው። አንዱ ዕቃ በሦስት ኮድ ተመዝግቧል፤ መለኪያው አንድ ቦታ በካርቶን፣ ሌላ ቦታ በፍሬ ነው፤ ከአሮጌው መዝገብ ሲዛወር ማንም አላጸዳውም። ሻጩ የሲስተሙን ቁጥር አምኖ ለደንበኛ ቃል ገብቶ አንድ ሁለቴ ካፈረ፣ ከዚያ በኋላ ወደ መጋዘን ስልክ ሳይደውል ቃል አይገባም። ለዚህ ሥልጠና ምንም አያደርግም። ለዕቃ መዝገቡ በስሙ የሚታወቅ አንድ ባለቤት ይሰይሙ፤ ያለ እሱ ፈቃድ አዲስ ኮድ አይከፈት። በየቀኑ ጥቂት ዕቃዎች እየተመረጡ በአካል ይቆጠሩና ከሲስተሙ ጋር ይመሳከሩ። ዓመት ጠብቆ ሁሉንም ከመቁጠር ይህ ይሻላል፤ ስህተቱ ትኩስ እያለ ከየት እንደመጣ ይገኛልና።

ሦስተኛውን ምክንያት ማንም ፊት ለፊት አይነግርዎትም። ሲስተሙ ላይ የገባ ቁጥር ሰው ለመውቀሻ ከዋለ ሰው ቁጥሩን ያዘገየዋል። ሰኞ የታየ ጉድለት ሐሙስ ይመዘገባል፤ በመካከሉ በስልክና በግል ፋይል ይስተካከላል። ከላይ ያሉት ኃላፊዎች በዳሽቦርዱ (የሥራውን ቁጥሮች በአንድ ላይ በሚያሳየው ስክሪን) ላይ የሚያዩት ታጥቦና ተተኩሶ የቀረበውን ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ቀይ ቁጥር ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ማን ነው?" ከሆነ፣ የቱንም ሲስተም ቢገዙ ኤክሴሉ አይጠፋም። ይህን ለብቻቸው፣ በቁም ነገር ይንገሯቸው። ከኃላፊነትዎ ከባዱ ክፍል ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ በሥራ መዘርዝርዎ ላይ ግን አልተጻፈም።

ቀጥሎ "ሲስተሙ እኛን ይምሰል ወይስ እኛ ሲስተሙን?" የሚል ክርክር ይነሳል። የጀርመኑ የችርቻሮ ድርጅት ሊድል በ2011 በኤስኤፒ ሶፍትዌር ላይ የጀመረውን ትልቅ ፕሮጀክት በ2018 አቋረጠው፤ የወጣበት ገንዘብ ወደ 500 ሚሊዮን ዩሮ እንደሚጠጋ በወቅቱ ተዘግቧል። ከተነገሩት ምክንያቶች አንዱ ሊድል ክምችቱን የሚተምነው በገዛበት ዋጋ ሲሆን መደበኛው ሶፍትዌር ግን በመሸጫ ዋጋ መተመኑ ነበር። ድርጅቱ ልማዱን አልቀየረም፤ ሶፍትዌሩ እንዲቀየርለት ተደረገ። በእኔ አመለካከት ደንበኛ ከሌላው ለይቶ እናንተን የሚመርጥበት ነገር ላይ ሲስተሙ እናንተን ይምሰል። የደመወዝ አከፋፈላችሁ ወይም የሒሳብ መዝገባችሁ ለየት ስላለ ግን ማንም ደንበኛ አይመጣም፤ እዚያ መደበኛውን ይቀበሉ። የየክፍሉ ኃላፊ "የእኛ ግን ልዩ ነው" ማለቱ አይቀርም። ልዩነቱ ለደንበኛው የሚጠቅመውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ እንዲያመጣ ይጠይቁት፤ ብዙው ጥያቄ እዚያ ላይ ይቀራል።

ከዚያ መዝጋት ይመጣል። ሁለት ወዶ አይሆንም። ሁለቱም አሠራር "ለጊዜው" ጎን ለጎን ይሂድ ከተባለ የሚያሸንፈው አሮጌው ነው፤ ሰው እጁ በለመደው ይሠራና አዲሱን ለደንቡ ያህል ይሞላዋል። ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ማብቂያ ቀን ይኑረው፤ ቀኑም ከመጀመሪያው ይነገር። በሌላ በኩል ሁሉንም በአንድ ሌሊት መዝጋት እብደት ነው። የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በኤፕሪል 2018 ከ5 ሚሊዮን በላይ ደንበኞቹን በአንድ ቅዳሜና እሁድ ወደ አዲስ ሲስተም አዛወረ። ዳታው ራሱ በደህና ተዛውሮ ነበር፤ የተቀበለው ሲስተም ግን ሸክሙን አልቻለም። እስከ 1.9 ሚሊዮን የሚደርሱ ደንበኞች ወደ ሒሳባቸው መግባት አቃታቸው፤ ችግሩ ለወራት ቀጠለ፤ ዋና ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ዓመት ለቀቁ፤ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶቹም በ2022 ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት።

እናንተ በአንድ የምርት መስመር ጀምሩ። እዚያ የማጽደቅ ሰንሰለቱ ይጠር፣ ዳታው ይጽዳ፣ የጎደለው የዕቃ ሁኔታ ይከፈት፣ ከዚያ ኤክሴሉ ይዘጋ። ከመዘጋቱ በፊት ምን ሲሟላ እንደሚዘጋ በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ በተከታታይ ሦስት ሳምንት በአካል ከተቆጠረው ዕቃ 98 በመቶው ከሲስተሙ ጋር ሲገጥም። ምን ሲፈጠር ወደ ኋላ እንደሚመለሱና ይህን ማን እንደሚወስንም አብሮ ይጻፍ። ይህኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሲረሳ ደግሞ ውሳኔው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልተኛ ሰው እጅ ይወድቃል።

ወደ ኢኖቬሽን ቡድኑ ልምጣ። ሦስት ሙከራ ተሳክቶ አንዱም ሥራ ላይ ካልዋለ የሐሳብ ችግር ያለ አይመስለኝም፤ የጠፋው ተረካቢ ነው። ቡድኑ ሠርቶ ሲጨርስ መተግበሪያውን ይዞ ወደ ሽያጭ ክፍል ይሄዳል። የሽያጭ ኃላፊው ያልጠየቁት፣ በጀት ያልያዙለት፣ ቢበላሽ ማን እንደሚጠግነው የማያውቁት ነገር ይቀርብላቸዋል። ያደንቃሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ከእንግዲህ ማንኛውም ሙከራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ገጽ ይጻፍለት። ተረካቢው የሥራ ክፍል ኃላፊ በስሙ ይፈርምበት። ከሙከራው በኋላ ያለው ወጪ ከየትኛው በጀት እንደሚሸፈን ይባል። በስንት ሳምንት ውስጥ የትኛው ቁጥር የት ቢደርስ እንደሚቀጥል፣ ካልደረሰ እንደሚቆም ይወሰን። በተጨማሪም ቢሳካ የትኛውን ነባር ሥራ እንደሚያስቀር ይጻፍ። ይህን የመጨረሻውን መሙላት ያቃተው ሐሳብ የግድ መጥፎ ነው አልልም፤ ተጨማሪ ሥራ መሆኑን ግን ሁሉም አውቆ ይግባበት። (ሃካቶን፣ ማለትም ሰዎች ለአንድ ሁለት ቀን ተሰባስበው የመተግበሪያ ማሳያ የሚሠሩበት ውድድር ከታሰበ አልቃወምም፤ ሰው ከሰው ያስተዋውቃል። በሁለት ቀን የተሠራ ማሳያ ወደ ዕለት ሥራ መግባቱ ግን ብርቅ ነውና በጀቱ ከሠራተኛ መዝናኛ ቢወጣ ይበልጥ ሐቀኛ ይሆናል።)

የሙከራ ዋጋው ያልጠበቁትን ማሳየቱ ላይ ነው። ኤምፔሳ ኬንያ ውስጥ ሲሞከር የታሰበው የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ዕዳቸውን በሞባይል እንዲከፍሉበት ነበር። በሙከራው ላይ ግን ሰዎቹ ገንዘብ እርስ በርስ መላላክ ጀመሩ። ሳፋሪኮም በ2007 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት ያስቀደመው ገንዘብ መላክን ነው፤ የብድር ክፍያው ወደ ኋላ ቀረ። የሙከራው ሰዎች ነገሩን "ከታሰበው ውጭ የሆነ አጠቃቀም" ብለው በችግር መዝገብ ላይ አስፍረው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እርስዎም ቡድኑን "ዒላማችሁን መታችሁ?" ከማለትዎ በፊት "ሰዎቹ ምን ሲያደርጉበት አያችሁ?" ብለው ይጠይቁ። ሹፌሮቹ መከታተያውን ያልከፈቱት ለምን እንደሆነ ያኔ ይሰማሉ።

ሁሉንም ሐሳብ በሳምንት ማሰር ደግሞ ይጎዳል። በ3ኤም ኩባንያ ስፔንሰር ሲልቨር በደንብ የማይጣበቅ ሙጫ ያገኘው በ1968 ነው፤ ባልደረባው አርት ፍራይ የሙጫው ጥቅም የታየው በ1974፤ ተለጣፊዋ ማስታወሻ ወረቀት በመላው አሜሪካ ለገበያ የቀረበችው በ1980። ከቡድኑ ጊዜ 10 ወይም 15 በመቶው ሪፖርት የማይጠየቅበት ይሁን። የቀረው በአንድ ገጹ ይመራ።

ቡድኑ ለብቻው መቀመጡስ? የድርጅቶችን አሠራር ያጠናው ጄምስ ማርች በ1991 እንዳሳየው ነባሩን አሟጦ መጠቀምና አዲስ መፈለግ በአንድ ድርጅት ውስጥ በሰውና በገንዘብ ይሻማሉ፤ የነባሩ ትርፍ ቅርብና እርግጠኛ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ያሸንፋል። ኋላ ተመራማሪዎቹ ኦራይሊና ተሽማን የሰጡት መልስ አዲሱን በአሠራር መለየት፣ በከፍተኛው አመራር ደረጃ ግን ማያያዝ የሚል ነው። ይህ የሚሠራው አዲሱ ነገር የነባሩን ገቢ የሚበላ ሲሆን ነው። የእናንተ ሦስቱም መተግበሪያዎች ግን ነባሩን ሥራ የሚያሻሽሉ ናቸው፤ ቦታቸው በሥራ ክፍሎቹ ውስጥ ነው። ከስድስቱ አራቱን ወደ ሽያጭ፣ ወደ መጋዘንና ወደ ማድረስ ክፍል ያዛውሯቸው፤ ደመወዛቸውም ዕቅዳቸውም እዚያው ይሁን። ሁለቱ ለብቻቸው ሆነው ድርጅቱን ከአምስት ዓመት በኋላ ሊያሳስበው የሚችለውን ይፈልጉ።

እዚህ ላይ ቦርዱ የፎቶ ፊልም አምራቹን ኮዳክን ማንሳቱ አይቀርም። "ዲጂታልን ናቀና ወደቀ" የሚለው ግማሽ እውነት ነው። ስቲቭ ሳሰን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1975 የሠራው እዚያው ኮዳክ ውስጥ ነው፤ በ2005 ኮዳክ በአሜሪካ ገበያ በዲጂታል ካሜራ ሽያጭ ቀዳሚ ነበር። ካሜራ መሸጥ ግን የፊልምን ትርፍ አልተካለትም፤ በ2012 መጀመሪያ በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ተፎካካሪው ፉጂፊልም የያዘው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ፊልም በመሥራት ያወቅነው ነገር ፊልም ባይኖር የት ይሠራል? በፎቶ ፊልም ሥራ ስለሚውለው ኮላጅን ስለተባለ ፕሮቲን ያለውን ዕውቀት ወደ ቆዳ መንከባከቢያ ምርት፣ ስስ ፊልም የማምረት ችሎታውን ወደ ኤልሲዲ ስክሪን ወሰደው። ለብቻቸው የሚቆዩት ሁለቱ ሰዎች ቢይዙት የምመኘው ጥያቄ ይህ ነው።

መዝጋት ስል ግን ደንበኛው እጅ ላይ ያለውንም በችኮላ ንጠቁ ማለቴ አይደለም። ፊልም በዲቪዲ በፖስታ ያከራይ የነበረው ኔትፍሊክስ በኢንተርኔት ማሳየት የጀመረው በ2007 ነው። በ2011 ዋጋ ጨምሮ የዲቪዲ አገልግሎቱን በሌላ ስም ለይቼ አወጣለሁ ሲል በአንድ ሩብ ዓመት 800,000 ገደማ የአሜሪካ ደንበኞች አጣ፤ የመለየቱን ዕቅድ በሳምንታት ውስጥ ተወው። የመጨረሻውን ዲቪዲ በፖስታ የላከው በ2023 ነው። የውስጡን ቅጽና ፊርማ ቶሎ ይዝጉ። በስልክ ማዘዝ የሚወድ ደንበኛ ካለ ግን ይደውል፤ ስልኩን የሚያነሳው ሠራተኛ ትዕዛዙን በቀጥታ ሲስተሙ ላይ ያስገባ።

ስለ ሰዎቹ፦ ከተራው ሠራተኛ ይልቅ የሚያሳስበኝ መካከለኛው አመራር ነው። ሠራተኛው ድካም ከቀነሰለት ይከተላል። የክፍል ኃላፊው ግን ከአምስቱ ፊርማ አንዱ የእሱ ነው፤ ፊርማው ሲቀር ቢሮው ደጅ የሚጠናው ሰውም ይቀራል። ይህን "ለውጥ አይወድም" ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው፤ የሚያጣው ነገር እውነተኛ ነው። በምትኩ እውነተኛ ነገር ይስጡት። ከተወሰነ መጠን በታች ያለ ግዥ ያለ ፊርማ ይለፍ፤ ከዚያ በላይ የሆነውንና ከተለመደው የወጣውን እሱ ብቻውን ይወስን፣ ውሳኔውም የመጨረሻ ይሁን። አብዛኛው ሲገባው ይቀበላል። የማይቀበልም ይኖራል፤ የዋና ሥራ አስፈጻሚው ድጋፍ በቃል ብቻ መሆን አለመሆኑ የሚለየው ያን ጊዜ ነው። የሰው ቅነሳ ታስቦ እንደሆነም አሁኑኑ ይነገር፤ ካልታሰበ በጽሑፍ ይረጋገጥ። አንድ ሰው ትርፍ የሆነ እርምጃ ጠቁሞ በወሩ ከተሰናበተ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠቁምዎትም። ሥልጠናውን በተመለከተ፣ ከአዳራሽ ስብሰባ ይልቅ በየክፍሉ አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ከመደበኛ ሥራው ግማሹ ተነስቶለት ጓደኞቹን ያግዝ። "ከመደበኛ ሥራው በተጨማሪ" ከተባለ አይሆንም።

ለ12 ወሩ "ድርጅቱን እለውጣለሁ" ብለው ቃል አይግቡ። በተመረጠው የምርት መስመር ላይ ከትዕዛዝ እስከ ክፍያ ያለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚያ መስመር የግል ኤክሴል አይኖርም፤ ከአምስቱ የግዥ ፊርማ ሦስቱ ይቀራሉ፤ ከሦስቱ መተግበሪያዎች አንዱ የዕለት ሥራ ይሆናል፣ ሁለቱ በይፋ ይዘጋሉ። ይህ የሚደረስበት ነው። በየወሩ ምን ገባ፣ ምን ወጣ የሚል ባለ ሁለት ዓምድ ሪፖርት ያቅርቡ፤ የወጣው ዓምድ ባዶ በሆነበት ወር እርስዎ ራስዎ ቀድመው ይናገሩት። ሲስተሙ ላይ ስንት ሰው ገባ የሚለውን ቁጥር ግን ተዉት። ኢኮኖሚስቱ ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 እንዳስተዋለው መለኪያ የቁጥጥር መሣሪያ ሲሆን መለካቱን ይተዋል፤ ሰዎቹ ጠዋት ገብተው ይወጡና ወደ ኤክሴላቸው ይመለሳሉ።

ለቦርዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጥያቄ ያለኝ መልስ አጭር ነው። የአቅራቢዎችን ደረሰኝ አንብቦ ከግዥ ትዕዛዝ ጋር የሚያመሳክርና ያልገጠመውን ለሰው የሚያሳልፍ መሣሪያ ዛሬም መጀመር ይቻላል፤ ሲሳሳት ስህተቱ ቶሎ ይታያል፣ የሚያስቀረው ሥራም ይታወቃል። ለደንበኛ "ዕቃው አለ፣ በዚህ ቀን ይደርሳል" ብሎ የሚመልስ ቻትቦት ግን የሚቆመው ሻጮችዎ ራሳቸው በማያምኑት የክምችት ቁጥር ላይ ነው። ኤር ካናዳ ድረ ገጹ ላይ የነበረው ቻትቦት ለአንድ መንገደኛ ስለ ቲኬት ቅናሽ የተሳሳተ መረጃ ሰጥቶ፣ በ2024 የካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዳኝነት አካል ተጠያቂው ድርጅቱ ነው ብሎ ካሣ አስከፍሎታል። መዝገቡ እስኪታመን ይቆይ።

ውሉን በተመለከተ፣ አቅራቢው ረጅም ውል በቅናሽ ሊያቀርብልዎት ይችላል። የመጀመሪያው የምርት መስመር ኤክሴሉን ሳይዘጋ ከአንድ ዓመት በላይ አይፈርሙ። ሙሉ ዳታችሁን በማንኛውም ጊዜ ሌላ ሲስተም ሊያነበው በሚችል መልክ ማውጣት እንደምትችሉ፣ ውሉ ካበቃ በኋላ ዳታው ለስንት ወር እንደሚቆይ፣ ለእናንተ ተብሎ የተጻፈው ተጨማሪ ኮድ የማን እንደሆነ በአንቀጽ ይግባ። ከዚያ አቅራቢው የዳታ ማውጣቱን ሥራ ከፊርማ በፊት አንድ ጊዜ በተግባር ያሳያችሁ፤ የወጣውን ፋይልም የራሳችሁ ሰው ከፍቶ ይየው።